ለቆሮሶዎቻችን ንጋትና ምሽት እንዴት እንደ ሠራንላቸው



ማታ በባዮሎጂ ቤተ ሙከራው መስኮት በኩል ስታልፉ፤ የዓሣው ገንዳ መብራት ቀስ በቀስ ሲደክም አይታችሁ «አምፖሉ ሊቃጠል ነው» ብላችሁ ለዘበኛው የነገራችሁ አላችሁ። አምፖሉ ደኅና ነው። እንዲህ እንዲደክም አስበን የሠራነው እኛ የባዮሎጂ ክበብ አባሎች ነን። ለምንና እንዴት እንደ ሠራነው ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ስለምሄድ፤ ገንዳውን የሚረከቡት ታናናሾቻችንም ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ገንዳው 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፤ 40 ስፋትና 50 ቁመት ያለው ሲሆን እስከ አፉ ቢሞላ 240 ሊትር ውሃ ይይዛል። መስታወቱን በሲሊኮን አጣብቀን የሠራነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በውስጡ የሚኖሩት ገና ጫጩቶች ሳሉ ከዝዋይ ሐይቅ የመጡ ሰባት ቆሮሶዎች ናቸው። የሚጎበኙን ሰዎች «ምነው ባለ ቀለም ዓሣ አላመጣችሁም? ይህስ የምንበላው አይደለም ወይ?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ቆሮሶ በመልኩ አይመካም። ነገር ግን ልጁን በማሳደግ ረገድ እንደ እርሱ የሚያስደንቅ ጥቂት ነው። ወንዱ በአሸዋው ላይ ጉድጓድ ይምሳል፤ ሴቲቱ እንቁላሏን በዚያ ትጥልና ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። እንቁላሉ በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ፤ ይኸውም ሁለት ሳምንት ያህል፤ እዚያው ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ እናቲቱ ምግብ እንኳ አትቀምስም። ነገር ግን በኃይል ከደነገጠች ወይ ትተፋቸዋለች ወይ ትውጣቸዋለች።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ከሴቶቹ አንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሞልታ አገጯ ተነፍቶ ስናያት ደስታችን ልክ አልነበረውም። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በየቀኑ እየመጡ ይጎበኟት ጀመር። በዚያ ሳምንት ተረኛው እኔ ነበርሁ። የተረኛው ሥራ ውሃውን መመልከት፤ ምግብ መስጠት፤ ማታ ሲወጣም የገንዳውን መብራት ማጥፋት ነው። ሐሙስ ዕለት ከቀኑ በ10 ሰዓት መብራት ጠፋ። በ11 ሰዓት ስወጣ ቤቱ ጨለማ ስለ ነበር ማጥፊያውን መንካት ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። የጠፋን መብራት ማን ያጠፋል?

በማግሥቱ ጧት ዘበኛችን በበሩ ላይ ጠበቁኝና፦ «ልጄ፤ ሌሊት በ9 ሰዓት መብራት መጣና ያ ቤት ቦግ ሲል እኔ ራሴ ደንግጬ ነው የተነሣሁት» አሉኝ። ሮጬ ገባሁ። እናቲቱ በማጣሪያው ጀርባ ተሸጉጣለች፤ አገጯ ተስተካክሏል። በአሸዋው ላይ አሥር የማይሞሉ ቢጫ እንቁላሎች ብቻ ቀርተው ነበር። ሌሎቹን ዓሦች በልተዋቸዋል። ከዓሦቹም አንዱ ዘልሎ ወለሉ ላይ ደርቆ አገኘሁት። ለመምህራችን እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ግን ይሻለኝ ነበር።

መምህራችን በዚያ ቀን ትምህርቱን የጀመሩት ስለ ዓሣ ዐይን በመናገር ነበር። እኛ ድንገት ብርሃን ሲወጋን ዐይናችንን እንጨፍናለን፤ ብሌናችንም ወዲያው ይጠብባል። ቆሮሶን የመሰሉ ዓሦች ግን የዐይን ቆብ የላቸውም፤ የብሌናቸውም ቀዳዳ እንደ እኛ አይጠብብም። ብርሃንን የሚለምዱት በዐይናቸው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያሉት ሕዋሳትና ጥቁሩ ቀለም ቦታቸውን እየለወጡ ነው፤ ይህም ብዙ ደቂቃዎችን ይፈልጋል። በሐይቅ ውስጥ ፀሐይ ቀስ ብላ ስለምትወጣ ጊዜው ይበቃቸዋል። ከድቅድቅ ጨለማ በአንድ ጊዜ ወደ ቀን ብርሃን መጣል ግን በተፈጥሮ ያልተዘጋጁበት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ክበቡ መከረ። አንዳንዶቹ ገንዳውን ማታ ማታ በጨርቅ እንሸፍን አሉ፤ ሸፋኙ ግን ያው የሚረሳው ተረኛ ነው። ሌሎቹ በሱቅ የሚሸጠውን ባለ ጥርስ ሰዓት ያለው ሶኬት እንግዛ አሉ፤ ተበድረን ሞከርነው። እርሱም የሚዞረው በኤሌክትሪክ ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ደግሞም የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው።

ብርሃንን ቀስ በቀስ የማውጣትና የማውረድ ብልሃት የቆየው በባሕር ውሃ ገንዳ ኮራል በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው በቀይ ባሕር ይገኛል። በሥጋው ውስጥ በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍሉታል። ብርሃኑ ካነሰ ይራባል፤ ከልክ ካለፈም ይጎዳል። ቀድሞ በእነዚህ ገንዳዎች ላይ ይሠራባቸው የነበሩት ኃይለኛ አምፖሎች ለማደብዘዝ ስለሚያስቸግሩ፤ ሰዎቹ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ንጋትን ለማስመሰል ይደክሙ ነበር። ኤልኢዲ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀለለ። በለንደን የሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 የቀኑን ርዝመት፤ የጨረቃን ብርሃንና የውሃውን ሙቀት እንደ ባሕሩ አድርጎ በመለዋወጥ ኮራሎች በገንዳ ውስጥ በታሰበው ጊዜ እንዲራቡ ማድረግ ችሏል። ይህን ሳነብ፤ ለኮራል የተቻለው ለቆሮሶ እንዴት ያቅታል ብዬ ተነሣሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አምፖሉን በ12 ቮልት በሚሠራ ነጭ የኤልኢዲ ጥቅል ለወጥነው። ጥቅሉን ከበርና መስኮት ሠሪዎች በነፃ ባገኘነው የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ለጠፍነው። ስንለካው 1.5 አምፔር ይስባል፤ ይህም በ12 ቮልት ሲባዛ 18 ዋት ነው። አዛዡ አርዱዊኖ የሚባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን በአይሲቲ ክፍል ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው። በአዛዡና በመብራቱ መካከል ሞስፌት የተባለ ትራንዚስተር አለ። ይህን ከመርካቶ ስትገዙ ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። በ5 ቮልት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ ግን 10 ቮልት ይፈልጋሉ። የእኛ አይአርኤልዜድ44ኤን ነው፤ ሙሉ ቀን ሠርቶ እንኳ በእጅ ሲነካ ሙቀቱ አይታወቅም።

ኤልኢዲን ለማደብዘዝ ቮልቱን መቀነስ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም፤ እስከ አንድ ልክ ይበራና ከዚያ በታች ድንገት ይጠፋል። የሚሻለው ማቆራረጥ ነው። የመስኖ ውሃ የሚያጠጣ ገበሬን አስቡ። በሩን ሙሉ ቀን ቢከፍተው እርሻው ሙሉ ውሃ ያገኛል። አንድ ሰዓት ከፍቶ አንድ ሰዓት ቢዘጋው ግማሹን ያገኛል፤ አንድ ሰዓት ከፍቶ ሦስት ሰዓት ቢዘጋው ሩቡን። ሞስፌቱ የመስኖው በር ነው፤ አርዱዊኖው ገበሬው ነው። የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን በሰከንድ 244 ጊዜ ስለ ሆነ ለዐይናችን የተረጋጋ ብርሃን ይመስለናል። በስልክ ካሜራ ስታዩት አንዳንድ ጊዜ ጥቁር መስመሮች ሲያልፉ ታያላችሁ፤ መቆራረጡ እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ብርሃኑን ከ0 እስከ 255 በእኩል ርምጃ በ30 ደቂቃ የሚያወጣ ነበር። በየሰባት ሰከንዱ አንድ ርምጃ ማለት ነው። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ሆኖ ታየኝ። ገና በመጀመሪያው ርምጃ ግን ዓሦቹ ተተረማመሱ፤ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ደግሞ ብርሃኑ የሚጨምር አይመስልም ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳለሁ ነው። በጨለማ ውስጥ አንዲት ጧፍ ስትበራ ቤቱ ሁሉ ይለወጣል። መቶ ጧፍ በበራበት ቦታ አንድ ብትጨመር ግን ማንም ልብ አይላትም። ዐይን የሚቆጥረው ስንት ተጨመረ ብሎ ሳይሆን በስንት እጅ ተባዛ ብሎ ነው። ከ1 ወደ 2 ሲኬድ ብርሃኑ እጥፍ ሆኗል፤ ከ200 ወደ 201 ሲኬድ ግን ከመቶ ግማሽ ብቻ ነው የጨመረው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስተካከልን። አንደኛ፤ አርዱዊኖው በውስጡ ካሉት ቈጣሪዎች አንዱ እስከ 65,535 ድረስ መቁጠር ስለሚችል በእርሱ ተጠቀምን። ርምጃዎቹ እጅግ ደቃቅ ሆኑ። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ርምጃዎች ከማጠራቸው የተነሣ የሞስፌቱ በር ሳይከፈት ያልፋሉ፤ ጉዳት የለውም። ሁለተኛ፤ ብርሃኑን በጊዜው ልክ ሳይሆን በጊዜው ሣልሳዊ ኃይል አወጣነው፤ ማለትም ያለፈው የጊዜ ክፍልፋይ በራሱ ሦስት ጊዜ ይባዛል። ንጋቱን 45 ደቂቃ አደረግነው። በ5ኛው ደቂቃ ላይ ያለፈው ጊዜ አንድ ዘጠነኛ ስለ ሆነ ብርሃኑ ከ729 አንድ እጅ ብቻ ነው። በ15ኛው ደቂቃ ከ27 አንድ እጅ ይሆናል፤ በ30ኛው ደቂቃ እንኳ ገና ሢሶ አልሞላም። ይህን በቁጥር ስታዩት ዘገምተኛ ይመስላል፤ በገንዳው ፊት ተቀምጣችሁ ስታዩት ግን ልክ እንደ ንጋት ነው። በሒሳብ ክፍል «ሣልሳዊ ኃይል ለምን ይጠቅማል?» ብዬ ጠይቄ ነበርና፤ ለመምህራችን ይቅርታ በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ።

ቀጥሎ የሰዓቱ ነገር ነው፤ የተሳቀብኝም በዚህ ነው። አርዱዊኖ መብራት ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ስለዚህ ዲኤስ3231 የምትባል የራስዋ ክብ ባትሪ ያላት ትንሽ ሰዓት አገናኘንበት። እርስዋ መብራት ቢጠፋም መቁጠሯን አታቋርጥም። እኔ ፕሮግራሙን ስጽፍ ንጋት በ12 ብዬ አዘዝሁ፤ በእኛ አቈጣጠር መሆኑ ነው። ሰዓቲቱን የሞላት ጓደኛዬ ግን በፈረንጅ አቈጣጠር ሞላት። በማግሥቱ ጧት ገንዳው ጨለማ ሆኖ ዋለ፤ በምሳ ሰዓት፤ በቀትር፤ ንጋት ጀመረ! ሁላችንም ሳንድዊቻችንን እንደ ያዝን ቆመን ተመለከትነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ከሰዓቲቱ ላይ ስድስት ሰዓት ቀንሶ ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ደቂቃ እንዲቆጥር አደረግሁ። በቀን ካሉት 1,440 ደቂቃዎች ዜሮዋ ንጋት ናት፤ በ45 ብርሃኑ ይሞላል፤ በ675 መውረድ ይጀምራል፤ በ720፤ ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት፤ ይጨልማል። ቀኑ በብርሃን የሚጀምርበት የእኛ አቈጣጠር ለዚህ ሥራ ከፈረንጁ ይልቅ እንደሚመች ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የአገራችን ቀን ከክረምት እስከ በጋ ብዙም ስለማይለዋወጥ፤ በአዲስ አበባ ከ11 ሰዓት ተኩል ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብሎ ስለ ሆነ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቀን ብንሰጣቸው ብዙ አልዋሸናቸውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም ነበር። ለዚህ ሥራ ያነሣሣን የመብራቱ ቀስ ብሎ መውጣት ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርገው ነገር ነው። ሌሊት ከመጣ መልሱ ቀላል ነው፤ ሰዓቲቱ ሌሊት ነው ስለምትል መብራቱ አይበራም። ቀን ከመጣስ? ፕሮግራሙ እንደ ነቃ ሰዓቷን አይቶ «አሁን ሙሉ ብርሃን መሆን አለበት» ብሎ ቦግ ያደርገዋል፤ ይህም ያንኑ ጥፋት መድገም ነው። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ ሲነቃ ከዜሮ ተነሥቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደሚገባው ልክ እንዲደርስ አዘዝነው።

እርግጠኛ ለመሆን ሶኬቱን ነቅለን መልሰን ሰካነው። መብራቱ ለአንድ ሰከንድ ያህል ቦግ አለና ጠፋ፤ ከዚያም በጨዋ ደንብ ከዜሮ መውጣት ጀመረ። ያ አንድ ሰከንድ ግን ዓሦቹን አተረማመሳቸው። አራት ምሽት ሙሉ ስሕተቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ፈለግሁ። ፕሮግራሙን እያንዳንዱን መስመር በቃሌ አውቀው ነበር፤ አንድም ጥፋት አላገኘሁም። በመጨረሻ የፊዚክስ መምህራችን ሥዕሉን ተመለከቱና፦ «ፕሮግራሙ ገና ሳይነቃ በሩን የሚጠብቀው ማነው?» አሉኝ። አርዱዊኖው ሲነሣ ፕሮግራሙ እስኪጀምር ድረስ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በዚያ ጊዜ የሞስፌቱን በር ክፈት የሚለውም ዝጋ የሚለውም የለም፤ በሩ ጠባቂ እንደሌለው ቤት ንፋስ ይከፍተዋል። መድኀኒቱ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። አንዱን ጫፉን በሞስፌቱ በር፤ ሌላውን በመሬቱ ሽቦ ላይ በየድሁት። አዛዥ በሌለበት ጊዜ በሩን ዘግቶ የሚይዘው ይህ ነው። ዋጋው ከአንድ ከረሜላ አይበልጥም። ከአርዱዊኖው ወደ በሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ ደግሞ 220 ኦም አለ፤ ሁለቱን አታቀያይሩ።

ወላጆች ስለ ውሃና ስለ ኤሌክትሪክ ማሰባችሁ አይቀርም። ከገንዳው በላይ ያለው 12 ቮልት ብቻ ነው። የ220 ቮልቱን የሚለውጠው ሣጥን ከገንዳው ራቅ ብሎ በግድግዳው ላይ ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። ወደ ሶኬቱ የሚገባው ገመድ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ታች ታጥፎ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከእጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊውዝ አለው። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ሁሉ ሳያዩ አንዲት ሽቦ እንኳ እንድናገናኝ አልፈቀዱልንም።

መሣሪያው ሥራውን የጀመረው በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር ያችው ሴት ዳግመኛ አፏን ሞላች። በስምንተኛው ቀን ማታ በ1 ሰዓት መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን ሳይመጣ አደረ፤ የመጣው በማግሥቱ ረፋድ በ3 ሰዓት፤ በክፍለ ጊዜ መካከል ነበር። ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤተ ሙከራው ሄድሁ። በጥላው ውስጥ የገንዳው ብርሃን ገና እንደ ፍም ነበር። እናቲቱ ከአሸዋው በላይ ጥቂት ከፍ ብላ ቆማ አገጯን ታንቀሳቅሳለች፤ ተነፍቶ ነበር። አሥሩ ደቂቃ እስኪሞላ ድረስ ሳልተነፍስ የቆምሁ ይመስለኛል። ስፍራዋን አልለቀቀችም።

ከአምስት ቀን በኋላ፤ በጧቱ ንጋት ሃያኛው ደቂቃ ገደማ፤ አፏን ከፈተችና እንደ ጤፍ ዘለላ የተበተኑ ጫጩቶች ወጡ። ጣቴን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋ ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ልንቆጥራቸው ሞክረን ከ60 በኋላ ተምታታብን። ዘበኛችንን ጠራኋቸውና ረጅም ጊዜ ቆመው ካዩ በኋላ፦ «እነዚህስ ሌሊት አያስደነግጡኝም» አሉ።

ያልተፈታ ነገር አለ። ብርሃኑ ሙሉ ሳለ መብራት ከጠፋ ዓሦቹ በአንድ ጊዜ ጨለማ ላይ ይወድቃሉ። ቀን ከሆነ የመስኮቱ ብርሃን ይረዳቸዋል፤ ወደ ምሽት ሲሆን ግን ከባድ ነው። ከአይሲቲ ክፍል የ12 ቮልትና የ7 አምፔር ሰዓት አሮጌ የዩፒኤስ ባትሪ ሰጥተውናል። አዲስ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ብርሃን አራት ሰዓት ያህል በያዘው ነበር፤ ለእኛ ግን ምሽቱን ለማውረድ 45 ደቂቃ ብቻ ቢቆይ ይበቃናል። ባትሪው ሲተካ ከዋናው ኃይል ጋር እንዳይጋጭ የሚያደርገውን ክፍል አልሠራሁትም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ክበብ ትቼዋለሁ።

ለተረካቢዎች ሦስት ነገር ልንገርና ላብቃ። ሰዓቲቱ በዓመት ከአንድ ደቂቃ ያህል በላይ አትሳሳትም፤ ባትሪዋን ስትለውጡ ግን በፈረንጅ አቈጣጠር ሙሏት፤ ቅነሳውን ፕሮግራሙ ራሱ ያደርገዋል። በገንዳው ግድግዳ ላይ ያለው የቀድሞው ማጥፊያ አሁን ከምንም ጋር አልተገናኘም፤ ብትነኩትም ባትነኩትም ልዩነት የለውም። የመሣሪያው ሥዕል በገንዳው መቆሚያ በር ጀርባ ተለጥፏል፤ የ10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በቀይ ቀለም ከብቤዋለሁ።